ቱታ እስኪገዛ?

«ቱታ ልግዛና እጀምራለሁ» የሚል ሰው ስንቴ ሰማሁ! ቢቸና ይህ፣ ሞጣም ይህ። ቲክቶክ ላይ የምናየው ሁሉ ውድ ስኒከር ስለሆነ፣ ያለሱ መሮጥ ነውር መስሎናል። እንዴ፣ ጎጃም ውስጥ ሆነን? ገበሬው በቁምጣና በኮንጎ ጫማ ስንት ሰዓት ተጉዞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። አበበ ቢቂላስ በ1952 ዓ.ም. የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቱታ ለብሳችሁ ግን አላለም። በጂንስም ቢሆን ፈጠን ብሎ መራመድ ይቆጠራል።

እኔን የሚያሳስበኝ የሴቶቹ ነገር ነው። በቀሚስ ስትሮጥ የሚስቅባት ሰው፣ ቱታ ስትለብስም ይስቅባታል። እናንተ የስፖርት መምህራን፣ ቱታ የሌላትን ተማሪ ዳር አታስቀምጧት፤ በለበሰችው ትሩጥ።