«ተሠርተሽ ነይ» ማለት ምን ማለት ነው?

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስንጠራ፣ ሚዜ ስንሆን፣ ለምርቃት ፎቶ ስንዘጋጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትቀርልንም፤ «ፀጉርሽን ተሠርተሽ ነይ!» ታጥቦ፣ ተፍታቶ፣ ቅባቱን ጠጥቶ ትከሻችን ላይ የተዘረጋው ፍሪዛችን «አልተሠራም» ማለት ነው። የተሠራ የሚባለው ካስክ ውስጥ ገብቶ፣ በፔስትራ ተጠብሶ፣ ሉጫ መስሎ የወጣው ነው። ለመሆኑ ይኼን ትርጉም ማን አወጣው?

ከመካከላችን ካሜራ ፊት ለመቆም የተፈተነች አለች። «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ንባብሽም ጥሩ ነው፣ ፀጉርሽን ግን አንድ ነገር አድርጊው» ተብላ ተመለሰች። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዜና ምንጭ፣ ስለ ሚዛናዊነት፣ ስለ ርዕስ አወጣጥ ተምረናል፤ ፔስትራ የሚባል ኮርስ ግን አልነበረም።

«ሥርዓት ነው፣ ባህል ነው» የሚሉንም አሉ። ኧረ ተዉን! አፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባቸው የሚያስብ ሰው አለ? የአርበኞቹ ጎፈሬስ? በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ተቆርጦ የተወሰደው የቴዎድሮስ ፀጉር፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም ለንደን ከሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲመለስ አገር በክብር ተቀብሎታል። የንጉሡ ፀጉር ቅርስ፣ የእኛ ግን «ጨብራራ»!

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። ሪላክሰር ተራ ቅባት አይደለም፤ ፀጉሩን ጠምዝዞ የያዘውን ትስስር የሚበጥስ ኬሚካል ነው። የበጠሰውን መልሶ አይቀጥልም፤ አዲስ እስኪበቅል መጠበቅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ በ2022 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ጥናት ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ የተጠቀሙት በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ ከ1.64 በመቶ ወደ 4.05 በመቶ። ካንሰሩ ብዙ ሰው የሚገጥመው አይደለም፣ ጥናቱም «መንስኤው ይኼ ነው» ብሎ አልፈረደም። ቢሆንም «ፀጉርሽን አንድ ነገር አድርጊው» የሚለን አለቃ ይኼን ቁጥር አብሮ ይንገረን።

«ለመያዝ አይመችም» ትላላችሁ። አይመችም ያሰኛችሁ በደረቁ ስለምታበጥሩት ነው። ወፍራም ፀጉር ሞገድ ስላለው ነው እንጂ ሞገደኛ ስለሆነ አይደለም! የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥምዝምዙ ላይ ግን መንገድ ይቀራል። ጫፉ የሚደርቀውና የሚሰበረው ለዚህ ነው። እርጥብ ሳለ ኮንዲሽነር ቀብታችሁ፣ በጣት ወይም ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ፍቱት። ከሥር ከጀመራችሁ የምትነቅሉት ቋጠሮውን ሳይሆን ፀጉሩን ነው። ማታ በሐር ወይም በሳቲን ሻሽ ጠቅልሉት፤ የጥጥ ትራስ ወዙን ይጠጣዋል። ቅቤውስ? እናቶቻችን ልክ ናቸው፤ ግን ቅቤ ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ እርጥበት አይሰጥም፤ መጀመሪያ ውሃ! (በሽታው የተነሳ ታክሲ ውስጥ የደረሰብን ግልምጫ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) እድገቱ በወር ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ደግሞ «አላደገም» ያሰኛል። አድጓል፣ ሳብ አድርጋችሁ እዩት።

«ናቹራል» የሚል ወረቀት ለጥፈው አንዲት ጠርሙስ በቤት ኪራይ ዋጋ የሚሸጡልንን ደግሞ አንርሳቸው። ተልባ ቀቅላችሁ አጥልሉ፣ ጄሉ ኩሽናችሁ ውስጥ አለ።

ፔስትራ ከምትወድ እህታችን ጋር ጠብ የለንም፤ ራሷ ናት፣ ፀጉሯ ነው። ጠባችን ፔስትራን የሥራ መመዘኛ ካደረገው ሰው ጋር ነው። እሱም ቢሆን ደፍሮ ማስታወቂያው ላይ «ፀጉሯ ሉጫ የሆነ» ብሎ ይጻፍልን፤ ቢያንስ የታክሲ ብራችንን እናተርፋለን።