በሲያትል የሚከርሙ እናቶቻችን

በባዕድ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከወላጆቻችን ወግ ሳናጓድል ይዘን ከዘለቅናቸው ነገሮች አንዱ፣ ልጅ በተወለደ ጊዜ እናትን ወደ አራስ ቤት መጥራት ነው። ገንፎውን የምታገነፋ፣ ሕፃኑን በቅቤ የምታሽ፣ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ለሚፈጸመው ምሥጢረ ጥምቀት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ አያት በሌለችበት ቤት፣ የወሊዱ ደስታ ሙሉ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህም የጥሪውን ደብዳቤ ጽፈን፣ የባንኩን ማስረጃ አያይዘን፣ ቪዛው እንዲፈቀድም ተስለን፣ ከአዲስ አበባ ደጋ አንሥተን ከፒውጀት ልሳነ ባሕር ዳር ወደ ተሠራችው ወደ ሲያትል እናመጣቸዋለን።

ጥሪው እንዲህ ያለ የተቀደሰ ምክንያት ሲኖረው፣ ከክርስትናው በኋላ ስለሚመጣው ጊዜ ግን በጥሞና ያሰብንበት አይመስለኝም። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለወለደች ሠራተኛ የደመወዟን ከፊል እየከፈለ እስከ 16 ሳምንት፣ እርግዝናው ወይም ወሊዱ ሕመም ያስከተለ እንደ ሆነም እስከ 18 ሳምንት ዕረፍት ይፈቅዳል፤ ጎብኚ ሆና ለመጣች እናት ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው የሚሰጣት የመቆያ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው። ሁለቱን ብናስተያያቸው፣ ልጅቱ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ አያቲቱ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን የምትቀርበት ወቅት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሕፃናት መዋያ ክፍያ ከቤት ኪራይ ጋር በሚፎካከርበት ከተማ ይህ ወቅት ለወላጆች ታላቅ እፎይታ ስለሚሆን፣ ፈቃዱ ሊያበቃ ሲቃረብ «ትንሽ እናስረዝምልሽ» ማለት ይከተላል፤ እንዲህ እያለም፣ ማንም ሳይመክርበት፣ እርሷንም ማንም ሳይጠይቃት፣ በክብር የተጠራችው እንግዳ ሞግዚት ሆና ትገኛለች።

እናቴ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ በቤታችን በከረመችበት ዓመት ይህን በቅርብ ተመልክቻለሁ። በሲያትል በታኅሣሥ ፀሐይ በአገራችን አቈጣጠር ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ትጠልቃለች፤ ዝናቡም እንደ ሐምሌ ዝናብ ነጎድጓድ አሰምቶ፣ ወርዶና አባርቶ የሚሄድ ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የሚውል ነው። እርሷም በመስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ መኪኖች ወደየጋራዣቸው ሲገቡና መዝጊያው ከኋላቸው ሲወርድ እያየች፣ «ሰዉ ሁሉ የት ገባ?» ትለን ነበር። በመጣች ሰሞን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቡና ስትቆላ ከጣሪያው ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ ሕፃኑ ደንግጦ ተነሣ፤ እርሷም በአንድ እጇ ሕፃኑን አቅፋ፣ በሌላው ነጠላዋን እያርገበገበች ጭሱን ስታባርር ቆየች። ከዚያ በኋላ እኛ ከሥራ ካልተመለስን በቀር ቡና አልቆላችም። እኔ ምክንያቱ የደወሉ ጩኸት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ስጠይቃት ግን «ብቻዬን ለማን ላፍላ?» አለችኝ። አዲስ አበባ ባለው ቤቷ ረከቦቱ ከቀረበ በኋላ ጎረቤት ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም።

እንጀራው ግን ሐሤት ያደረገችበት ሥራ ነበር። በጎረቤታችን በአይዳሆ ክፍለ ግዛት የበቀለውን የጤፍ ዱቄት በመዳፏ አሽታ ከመረመረችው በኋላ፣ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ እርሾው እንዳይዘገይባት የሊጡን ዕቃ በጋቢ ጠቅልላ ከማሞቂያው አጠገብ ታሳድረው ነበር፤ አብሲቱንም ሚስቴ አጠገቧ ቆማ ተማረች።

ክረምት በሚሉት በዚያ ወቅት ሲያትል ከአዲስ አበባ 11 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ እኛ ደክሞን ስንተኛ እናቴ ስልኳን ይዛ ወደ ሠፈሯ ትመለሳለች፤ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ተዝካር እንደ ደረሰ፣ የእድሩ ወርኀዊ መዋጮ ተከፍሎላት እንደ ሆነ ትጠይቃለች። ከጎረቤቶቿ አንዲቱ ያረፈች ጊዜ፣ ለቅሶ ሳትደርስ መቅረቷ ከሞቱ ዜና ባላነሰ አሳዘናት። እኛ ልጆች ገንዘቡን በወቅቱ እስከ ላክን ድረስ ግዴታው የተፈጸመ ይመስለናል፤ ለእነርሱ ግን እድር ማለት ድንኳን ውስጥ መቀመጥ፣ ንፍሮ ማቅረብ፣ ከኀዘንተኛው ጋር ማደር ነውና፣ መዋጮው የዚህ ሁሉ ምትክ ሊሆንላቸው አይችልም።

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳ፣ በየወሩም በ12 ከሚካኤል ማኅበርተኞች ጋር ጽዋ ጠጥታ ስትመለስ ፊቷ ይበራ ነበር፤ ነገር ግን የቀሩት የሳምንቱ ቀኖች ብዙ ናቸው። ነገሩን የለወጠው በቤተ ክርስቲያን የተዋወቀቻት፣ እንደ እርሷው የልጅ ልጅ ልትጠብቅ የመጣች ሌላ እናት ናት። 65 ዓመት ለሞላው ሰው በቅናሽ የሚያሳፍረውን ኦርካ የሚባለውን ካርድ አወጣንላቸው፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው ባቡር በሬኒየር ሸለቆ፣ ወገኖቻችን በሚበዙበት ሠፈር በኩል ስለሚያልፍ፣ የሚሳፈሩበትንና የሚወርዱበትን ጣቢያ ብቻ ማወቅ በቂ ሆነላቸው። አንድ ፀሐያማ ቅዳሜ ከከተማው ወደብ ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት የሚሻገረውን መርከብ አብረን ተሳፈርን፤ መንገዱ 35 ደቂቃ ነው፤ እግረኛም ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አይከፍልም። ሁለቱ እናቶች መርከቡ ከምድር ሲለይ አማተቡ፤ በኦሪት ዘፀአት ስለ ተነገረው ስለ ባሕረ ኤርትራ መከፈል እየተጨዋወቱም፣ በስተ ደቡብ 4,392 ሜትር ከፍ ብሎ በረዶ የለበሰውን የሬኒየርን ተራራ በአንክሮ ይመለከቱ ነበር። ደሴቲቱ ላይ እናቴ ወደ ውሃው ዝቅ ብላ ጣቷን ነከረችና ቀመሰችው፤ ጨው መሆኑን ስትሰማ ኖራ፣ በምላሷ ያረጋገጠችው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እኛን ሳይጠብቁ፣ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝለው፣ ሁለቱ ብቻቸውን ይወጡ ጀመር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በአንድ ሠፈር የምትኖሩና እናቶቻችሁ የመጡላችሁ ሁለት ሦስት ቤተ ሰቦች ብትሆኑ፣ ማክሰኞ በአንዱ፣ ሐሙስ በሌላው ቤት ቡናው እንዲፈላ ተስማሙ፤ መስኮቱን ከፍቶ፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ አስነሥቶ መቁላት እንደሚቻልም አሳዩአቸው። ማኅበሮቻችንም በሳምንት አንድ ረፋድ አዳራሻቸውን ለእነዚህ እናቶች ቢከፍቱ፣ ለበዓል ዝግጅት ከሚወጣው ወጪ ጥቂቱ ይበቃል።

ከመምጣታቸው በፊት የጎብኚ የጤና መድን መግዛት፣ ለቆይታቸው የሚበቃ መድኃኒትና የሐኪም ማዘዣ ማስያዝም አይዘንጋ፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ መድን ቀድሞ የነበረን የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አይሸፍንምና፣ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይበጃል።

የመመለሻው ቀን ግን የእነርሱ ይሁን። የመቆያውን ፈቃድ ለማራዘም ከማመልከታችሁ በፊት፣ የሕፃኑን ነገር ሳታነሡ፣ ለብቻዋ አስቀምጣችሁ ፈቃዷን ጠይቁ፤ ሕፃኑን አቅፋ ሳለ ብትጠይቋት «እሄዳለሁ» የምትል አያት አትገኝም። የጽዋው ተራ የእርሷ ስለ ሆነ ለኅዳር ጽዮን አገሯ መግባት እንዳለባት የነገረቻችሁ እንደ ሆነ፣ ቲኬቱ ኅዳር 21 ሳይደርስ ይለወጥላት፤ በብዙ የሕፃናት መዋያዎች ወረፋው ወራት ስለሚፈጅም፣ መዋያ መፈለግ የሚጀመረው ልትሄድ ስትነሣ ሳይሆን በመጣችበት ሰሞን ነው።