የደሴ ቅዳሜና እሁድ፤ ሥጋው ተገኘ፣ መስገጃውስ?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች ከተማ ናት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ተራራው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጉሙ ከጦሳ አናት ወርዶ መንገዱን ስለሚጋርድ ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው አይመከርም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርባት ከተማ በመሆኗ ሐላል ምግብ ፍለጋ ማንንም አያንከራትትም። ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞረው የ«ሐላል ጉዞ» ማስታወቂያ ይህንኑ እንደ አዲስ ግኝት ማቅረቡ ነው የሚያስገርመው። ወሎ ውስጥ ለአንድ ሠርግ ሁለት ዳስ ተጥሎ ሁለት በሬ ሲታረድ የኖረው አስጎብኚ የሚባል ሥራ ሳይታሰብ ነው። የእስላሙ ድስትና የክርስቲያኑ ድስት ጎን ለጎን ይጣዳሉ፤ ማማሰያ ግን አይዋዋሱም።

ጉዞው የሚጀምረው ከሒሳብ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ እሁድ ማታ ለመመለስ የሚያስብ ቤተሰብ ደሴን ሳይሆን አስፋልቱን ጎብኝቶ ይመለሳል። ያለው አማራጭ ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ የሐረጎን ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መውጣት፣ ወይም ዓርብን ጨምሮ በየብስ መጓዝ ነው። በየብስ ለሚሄድ የመንገዱ ሰላም ከሁሉ በፊት ይጠየቃል። ዓርብ የሚጓዝ ሰው ሱብሂ እንደሰገደ ቢነሣ ጁምዓን ከሚሴ ወይም እዚያው አቅራቢያ ሊደርስበት ይችላል። በእርግጥ ጁምዓ በመንገደኛ ላይ ግዴታ አይደለም፤ ግን ልጆች ከማያውቁት ከተማ ሕዝብ ጋር ተሰልፈው መስገዳቸው ከጉዞው ጥሩ ክፍሎች አንዱ ነው። ለኮምቦልቻ፣ ለከሚሴና ለወልድያ ነዋሪ ይህ ሁሉ ሒሳብ አያስፈልገውም።

ከዚያ የሥጋው ጉዳይ ይመጣል። ሙስሊም ልኳንዳ ጨረቃና ኮከብ፣ የክርስቲያኑ ደግሞ መስቀል ይለጥፋል። ምግብ ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄም አጭር ነው፤ «ሥጋው የማን ነው?» አስተናጋጁ «የእስላም ነው» ካለ ይታዘዛል፤ «የክርስቲያን ነው» ካለ ሽሮ ወይም በየዓይነቱ ይታዘዛል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። ይህ ዓምድ ደጋግሞ የተጣላው ከሦስተኛው መልስ ጋር ነው፤ «ሁለቱም አለ»። ሁለቱም ካለ ቢላው ስንት ነው? መክተፊያውስ? ጥብሱ የሚጠበሰው በአንድ መጥበሻ ከሆነ የልኳንዳው ጨረቃ ማዕድ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ትልልቅ ሆቴሎች ለሁሉም እንግዳ እንመቻለን ሲሉ ብዙ ጊዜ ይህንን መልስ ነው የሚሰጡት። በዚህ በኩል ሸዋ በር ወይም አረብ ገንዳ አካባቢ ያለች፣ አራት ጠረጴዛ ያላት የሙስሊም ምግብ ቤት ባለ ብዙ ፎቁን ሆቴል ታስንቃለች።

የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ በሱረቱል ማኢዳህ ተፈቅዷል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ በዑለማዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንዱ ያረደውን ሌላው ያለመብላቱ ልማድ ከክርክሩ በላይ ጸንቶ ኖሯል። አያትን ይዞ የመጣ ቤተሰብ መሐል ይህን ማንሳት ምሳ ከማበላሸት በቀር የሚፈይደው የለም።

በሁዳዴ ወራት ሌላ ነገር ይጨመራል። የክርስቲያን ቤቶች ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ የጾም ምግብ ብቻ ስለሚያቀርቡ ሙስሊሙ ቤተሰብ ያለ ብዙ ምርመራ በፈለገበት ይቀመጣል። የመጠጡ ነገር ቀላል ነው፤ ብርዝና ቀሪቦ አለ፤ ሆኖም ቀሪቦው ያልሰነበተ መሆኑን መጠየቅ አይከፋም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለከተማዋ ይተዋል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ የግብር አዳራሽ መታየት ያለበት ነው፤ ልጆችን ይዞ ሲገባ ግን ወላጅ ታሪኩን እንዴት እንደሚነግር ቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል። ንጉሡ ቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ባሉበት ዘመን፣ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ቦሩ ሜዳም ከደሴ ቅርብ ናት። የዛሬው መከባበር ከዚያ ሁሉ በኋላ የቆመ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ፣ የሁለቱን ዳስ ነገር እንደ ተረት አይሰማውም።

እሁድ የሐይቅ ቀን ነው። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እዚያ የእርዱ ጥያቄ ራሱ ይቀራል፤ ዓሣ አይታረድምና። መጠየቅ ያለበት ዘይቱ ነው፤ ሌላ ሥጋ የተጠበሰበት እንዳይሆን። ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴት አይገባበትም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ተከፋፍሎ ከሚሄድ ሁሉም ዳርቻው ላይ ዓሣውን እየበላ ቢውል ይሻላል።

እስካሁን ያለው ሁሉ ማስታወቂያዎቹም የሚያውቁት ነው። የማያውቁት ሰላትን ነው። ቂብላ ደሴ ላይ ኮምፓስ አያስፈልገውም። ከተማዋና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አካባቢ ስለሚገኙ አቅጣጫው ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ ጦሳን በግራ አድርጎ የቆመ ሰው አይሳሳትም። ሰዓቱም ብዙ አያስቸግርም፤ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12፡45 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መንገደኛ ስለሆነ ዙሁርን፣ አስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ አሳጥሮ ይሰግዳል፤ ከአገሬው ኢማም ኋላ ከሰገደ ግን አራቱን ይሞላል። ሻፊዒዮች በጉዞ ላይ ዙሁርን ከአስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመርን ሲፈቅዱ ሐነፊዮች አይፈቅዱም። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀቦች አሉ፤ ባልና ሚስት በዚህ ከተለያዩ የጉዞው ፕሮግራም ሲወጣ መነጋገር አለባቸው።

ይህን ሁሉ የሚያደላድለው ግን አባወራው ለራሱ ነው። አዛን ሲሰማ ጫማውን አውልቆ ይገባል። እናትየዋስ? በመንገድ ዳር ካሉት መስጊዶች የሴቶች ክፍል የሌላቸው ጥቂት አይደሉም፤ ካላቸውም አንዳንዶቹ ተቆልፈው ይገኛሉ። ስለዚህ ሴትየዋ በመኪናው በርና በባሏ ጀርባ መሐል ተከልላ፣ ሕፃኑን ለታላቅ እህቱ አስይዛ፣ ከሃይላንድ ጠርሙስ በተንቆረቆረ ውኃ ውዱእ ታደርጋለች። ጠርሙሱ እግሯ ላይ ሳትደርስ ያልቃል። ሰላቱን እንደምንም ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች፤ ወይም ማታ ክፍሏ ስትገባ ቀዷ ታወጣለች። ሆቴል ከተደረሰ በኋላም ቢሆን የታኅሣሥ የደሴ ሱብሂ ያለ ሙቅ ውኃ ለልጅ አይገፋም፤ ከመጠጥ ቤቱ በላይ ያለ ክፍል የደረሰው ቤተሰብም ዒሻን የሚሰግደው በሙዚቃ ታጅቦ ነው።

ከጂዳ ወይም ከሪያድ ለዕረፍት የምትመጣ የወሎ ልጅ አብሃንና ጣኢፍን ታውቃለች። እነሱም ቀዝቃዛ የተራራ ከተሞች ናቸው፤ ግን የመስገጃ ቦታ የት አለ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ገበያውም ነዳጅ ማደያውም ለሴቶች ክፍል አለው። ደሴ ከሁለቱ በአረንጓዴነት አታንስም፤ በዚህ ነገር ግን ታንሳለች፤ ይህንንም በር ላይ የሚለጠፍ ጨረቃ አይሸፍነውም።

ወጪው ከባድ አይደለም። አንድ ክፍል፣ ንጹሕ ምንጣፍ፣ ዝቅ ብሎ የተተከለ ቧንቧ፣ ከውስጥ የሚዘጋ በር ይበቃል። የደሴና የኮምቦልቻ ባለሆቴሎች፣ በመንገዱ ላይ ያላችሁ ባለማደያዎችም፣ ይህን ብታሰናዱ ተጠቃሚዎቹ እናንተው ናችሁ። ክፍል ለማስያዝ የምትደውል አባወራም ስለ ሥጋው ከመጠየቅህ በፊት ሚስትህ የምትሰግድበትን ቦታ ጠይቅ።