«ደረጃውን ልተወው?»

ሚሺጋን፣ አሜሪካ የምትኖረው የልጅ ልጄ ለዕረፍት መጥታ ኮምፒውተሯ ላይ ከተማ ስትሠራ ሰነበተች። ለትምህርት ቤቷ የምታቀርበው ነው። ከተማዋ ካሉሜት ትባላለች፤ ከ100 ዓመት በፊት በመዳብ ማዕድኗ የታወቀች ነበረች።

«ያላየሽውን ቤት በምን አወቅሽው?» አልኳት። በዘመኑ ለእሳት ኢንሹራንስ የተሠራ ካርታ አሳየችኝ። ሮዙ የጡብ ቤት፣ ቢጫው የእንጨት ነው፤ የፎቁም ብዛት ተጽፎበታል። መስኮቱንና በሩን ከድሮ ፎቶ ታያለች። ሲያልቅ ተመልካቹ በየመንገዱ እየዞረ፣ በር እየከፈተ ይገባል።

የጣሊያኖች አዳራሽ ከሚባለው ሕንፃ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። በ1913 እ.ኤ.አ. የገና ዋዜማ፣ ሥራ ያቆሙ የማዕድን ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው እዚያ ተሰብስበው ነበር። አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ጮኸ። እሳት አልነበረም። ከ70 በላይ ሰዎች ደረጃው ላይ ተረጋግጠውና ታፍነው ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው።

«እማማ፣ ደረጃውን ልተወው? ያስፈራል» አለችኝ።

በ1977ቱ ድርቅ ጀማሪ ነርስ ሆኜ መጠለያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚያ በጠየቀችኝ ቁጥር «ተይው፣ ያስፈራል» እያልኩ አልፌያታለሁ። ቃሉን የተማረችው ከእኔ ነው።

«ሥሪው የኔ ልጅ፤ ግን መጫወቻ እንዳይሆን። የልጆቹን ስምና ዕድሜ ጻፊበት» አልኳት። ያን ማታ ቡና አፍልቼ የመጠለያውን ነገር አጫወትኳት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ደረጃውን ጨረሰች።

ወላጆች፣ አያቶች፦ ልጆች ሲጠይቁን እንደ ዕድሜያቸው እንንገራቸው። እኛ የዘለልነውን ከካርታ ላይ አያገኙትም።