የውሃ ሄሽቦን ሲበዛ እናቶቻችን ላይ አንጩህ



በየቤቱ የምንሰማው ወሬ አንድ ነው፦ «የውሃ ሄሽቦን ጨረሰን።» ደብዳቤው በሁለት ወር አንዴ በዕብራይስጥ ተጽፎ ይመጣል። ከታች ያለውን ቁጥር አይተን እንደነግጣለን። ከዚያ ጥያቄውን ለላኪው በማቅረብ ፈንታ እርስ በርሳችን እንጣላለን።

በመካከላችን ባለ አንድ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ስምንት ነፍስ ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ አምስት ልጆችና አያት። በሁለት ወር 40 ኩብ ተጠቅማችኋል ተባሉ፤ ዋጋውም የሚያስደነግጥ ሆነ። ጎረምሳው ልጅ ውሃውን የሚፈጁት እሳቸው ናቸው ብሎ አያቱ ላይ ጮኸ። አያት ምንም አልመለሱም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ለሰንበት ገላቸውን በሳፋ መታጠብ ጀመሩ። ጎንደር ወንዝ ዳር ያደጉ፣ ዓርብ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ሰንበትን ተቀብለው የማያውቁ እናት፣ ኢየሩሳሌም ብለው በመጡበት አገር ውሃ በጣሳ እየለኩ!

ሄሽቦኑን ቁጭ ብለን ስናነበው ጥፋቱ የአያት አልነበረም። «ነፋሾት» በሚለው መስመር፣ ማለት የቤቱ ሰው ብዛት በሚጻፍበት ላይ፣ 2 ይላል። ስምንት ነፍስ ያለበት ቤት 2!

ይህ ለምን ገንዘብ ያስከፍላል? እስኪ እናስላው። በዚህ አገር ውሃ ሁለት ዋጋ አለው። ለእያንዳንዱ ሰው በወር 3.5 ኩብ፣ በሁለት ወር 7 ኩብ፣ በርካሹ ዋጋ ይሰጣል። ከዚያ ያለፈው በውዱ ይታሰባል፤ ውዱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብዛታችሁን ካላስመዘገባችሁ ቤታችሁ የሁለት ሰው ነው ተብሎ ይቆጠራል። ያ ቤት በርካሹ ዋጋ 56 ኩብ ይገባው ነበር፤ የተሰጠው ግን 14 ብቻ ነው። ከ40ው 26ቱን ኩብ በውዱ ዋጋ ከፈለ። በደንብ ቢመዘገብ አንድም ኩብ በውዱ አይከፍልም ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ፎርሙን አንብቦ የሚሞላ ትንሽ ይከፍላል፤ ማንበብ ያልቻለ፣ ልጅ የበዛበት፣ አያት የሚጦር ቤት ብዙ ይከፍላል። ይህ ቅጣት ነው። የተቀጣነውም ውሃ ስላባከንን አይደለም፤ ቋንቋ ስላልያዝን ነው።

«ይህን ያህል ዓመት ተቀምጣችሁ ዕብራይስጥ አትማሩም ወይ?» የሚሉን አሉ። በ1984ም ሆነ በ1991 ልጅ አዝለው የመጡ ወላጆች ፋብሪካ ገቡ፣ ወለል ጠረጉ፣ ልጅ አሳደጉ። ኦልፓን ተቀምጦ ደግሞ የውሃ ታሪፍ ቃላት የሚማር የለም። እዚሁ የተወለዱ ልጆቻችንም ያንን ወረቀት አንብበው አይገባቸውም። ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ የቤቱን ዕዳ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ሸክም፣ ለአባትም ውርደት ነው።

«መንግሥት ከጻፈው ምን እናደርጋለን፣ እንክፈልና ዝም እንበል» የምንልም አለን። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። በውሃ ሄሽቦን ግን ዝም ይነቅዛል፤ ስህተቱ በየሁለት ወሩ ይደገማል። ሆራአት ኬቫ የሰጠን ሰዎችማ ከባንክ ሲቆረጥ አናየውም።

አንክፈል አላልንም። ውሃ በዚህ አገር በብዛት ከባሕር ጨው ወጥቶለት የሚመጣ ነው፤ ማባከን ነውር ነው። የምንለው፣ ከመክፈላችንም ልጅ ከመቆጣታችንም በፊት እንመርምር ነው።

አንደኛ፣ ነፋሾት የሚለውን እዩ። ልክ ካልሆነ የቴኡዳት ዜሁት ሴፋሁን ይዛችሁ ለውሃ ታአጊዱ አስመዝግቡ። ሕፃንም ይቆጠራል። ወደ እናንተ የመጣ አያት አድራሻው መቀየሩን አረጋግጡ። ስላለፈው ጊዜም ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፤ ጥቁሩ ኩብ ነው፣ ቀዩ ሊትር። ማንም ውሃ ሳይከፍት ጠዋት ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ኔዚላ አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኒያጋራው ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። ከላይ የምግብ ቀለም ጨምሩበት፤ ሳትለቁት ቀለሙ ታች ከወረደ አገኛችሁት። የጠገነውን ሰው ኬባላ አትጣሉ፤ ለተደበቀ ኔዚላ ሄሽቦኑ እንዲታረም ማመልከት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ በእውነት የተነበበ ነው ወይስ በግምት? በፎቅ ቤት ደግሞ የዋናው ቆጣሪና የየቤቱ ቆጣሪዎች ልዩነት ለሁሉም ይከፋፈላል። እሱ ከበዛ ቧንቧው የሚያፈሰው ከእናንተ ቤት ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ቫዓድ ባይቱን ጠይቁ።

አራተኛ፣ ከጡረታቸው ጋር ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚቀበሉ አረጋውያን፣ እንዲሁም አንዳንድ የናኹት ተቀባዮች፣ በወር ሌላ 3.5 ኩብ በርካሹ ዋጋ ይገባቸዋል። ሄሽቦኑ ላይ መኖሩን እዩ።

የቢዩቩም ነገር ከዚሁ ጋር ነው። ለፍሳሽ የተለየ ቆጣሪ የለም፤ የሚታሰበው በገባው ውሃ ልክ ነው። ውሃው ከተሳሳተ ቢዩቩም አብሮ ይሳሳታል።

ሄሽቦን ለሚልኩትም የምንለው አለን። አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርበት ሰፈር አንድ ገጽ በአማርኛ መጻፍ አይከብድም። ሁለት ሰው ተብሎ የተመዘገበ ቤት የስምንት ሰው ውሃ ሲጠቀም «ስንት ናችሁ?» ብሎ መደወል አይከብድም። ገንዘቡን ስንዘገይ እንዴት እንደሚያገኙን ያውቃሉ፤ መብታችንን ለመንገርም ያግኙን።

ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ሰንበት ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ የሄሽቦኑን ነገር አንሱ፤ እሑድም አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት። አያትን ግን ይቅርታ ጠይቁ፤ ሳፋውንም አንሱላቸው።