ጉድለቱን እያየሁ የወደድኩት ዘንዶ

ባለፈው እሑድ ቃሊቲ፥ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ «ኤራጎን» የተባለውን ልብ ወለድ ሳነብ ዋልኩ። እናቴ «ፈተናህ መቼ ነው?» ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ መጨለሙን አላስተዋልኩም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ መጽሐፉ እንከን እንዳለበት አልክድም። ደራሲው ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ መጻፍ የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ቤተሰቡ አሳተመለት፤ በዓመቱ ትልቅ አሳታሚ ተቀበለው። ቅጽሉ ይበዛል፤ ከቶልኪንና «ስታር ዋርስ» ከተባለው ፊልም የተዋሰውም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የገበሬው ልጅ ያገኘው ሰማያዊ ድንጋይ ዕንቁላል ሆኖ፥ ሳፊራ የተባለችው ክንፋም ዘንዶ ስትፈለፈል መጽሐፉን የሚከድን ማን ነው?

የአርት ፋኩልቲ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እኔም እጠይቃቸዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ለማመን የሚያስቸግር አጋጣሚ ስንት ነው? ሆኖም ለአማርኛ ልብ ወለድ በር የከፈተው እርሱ ነው።

እኛስ ዘንዶ አጥተን ነውን? ልጃገረድ እየተገበረለት ይገዛ የነበረው አርዌ፥ መርዝ በበላች ፍየል የገደለው አንጋቦ፥ ከአያቶቻችን የወረስናቸው ናቸው። የጐደለን ድፍረት ነው። ነቀፌታን እየፈራን ጅምራችንን እንደብቃለን። እኔ ራሴ ሦስት ደብተር ጀምሬ ሣጥን ውስጥ ቆልፌአለሁ።

ከእንግዲህ ግን የአርዌን ታሪክ የጀመርኩበትን ምዕራፍ ለዚሁ መጽሔት እሰጣለሁ። ሳቁብኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡት።