ችካሉ ለማን ተጠረበ?

ደም መጣጭ ሙታን በሌሊት ከመቃብር እየወጡ የሕያዋንን ደም ይጠጣሉ የሚለው የአውሮፓ ልብ ወለድ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት እንሰማለን። አንደኛው ወገን ተራ ማስፈራሪያ ነውና በዩኒቨርሲቲ ሊጠና አይገባውም ይላል። ሁለተኛው ወገን ጀግኖች ወንዶች ሴቶችን ከክፉ መንፈስ የሚያድኑበት ታሪክ ነው እያለ ያደንቃል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ጥፋቱ የማን ነው፥ ቅጣቱስ በማን ላይ ወደቀ የሚለውን ጥያቄ ይዞ መጻሕፍቱን ያነበበ ሰው የሁለቱም ከንቱነት ይገለጥለታል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከመጀመሪያው እንነሣ። ጆን ፖሊዶሪ በ1819 ባሳተመው ታሪክ ደም መጣጩ ሎርድ ሩትቨን የተባለ መኰንን ነው። የወዳጁን እኅት አግብቶ፥ ደሟን ጠጥቶ ተሰወረ፤ የያዘውም የቀጣውም የለም። ሼሪደን ለ ፋኑ በ1872 ባወጣው «ካርሚላ» ግን ደም መጣጯ ሴት ናት፤ የምታፈቅረውም ላውራ የተባለች ልጃገረድን ነው። ለእርሷ ሐኪሞችና ሹማምንት ተሰብስበው መቃብሯን ከፈቱ፤ በደረቷ ችካል ቸከሉ፥ ራሷን ቆረጡ፥ ሬሳዋን አቃጥለው አመዱን በወንዝ በተኑ። ሁለቱም ገዳዮች ናቸው፤ ጉባኤ የተቀመጠው ግን በሴቲቱ ላይ ብቻ ነው። ላውራ ከዓመታት በኋላ እንኳ የካርሚላ ኮቴ በበሩ የተሰማ ይመስላታል። ሹማምንቱ ሬሳውን አቃጠሉ እንጂ ናፍቆቱን ማቃጠል አልቻሉም።

ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» ይህንኑ ሚዛን ያጸናል። ሉሲ በአንድ ቀን ሦስት ወንዶች ለጋብቻ ቢጠይቋት፥ አንዲት ልጅ ሦስቱንም ብታገባ ምናለበት ብላ ለጓደኛዋ ትጽፋለች። ድራኩላ ከነከሳት በኋላ አራት ወንዶች ተራ በተራ ደማቸውን ይሰጧታል፤ እጮኛዋ እንዳይቀና ግን የሌላው ደም መስጠት ይደበቅበታል። እርሷ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች የሚታሰበው ለእርሱ ቅናት ነው! ሞታ ደም መጣጭ ሆና ስትነሣ ሕፃናትን መንከሷ እውነት ነው፤ ሰዎቹ ግን አብዝተው የሚጸየፉት እጮኛዋን በግልጽ ና ብላ መጥራቷን፥ ፍትወቷን ነው። ችካሉን በልቧ የቸከለው ያው እጮኛዋ ነው፤ ከዚያም ራሷ ተቆርጦ አፏ በነጭ ሽንኩርት ተሞላ። በድራኩላ ግንብ የነበሩት ሦስት ሴቶችም በችካል አለቁ። እንግዲህ እንቍጠር፤ በዚህ መጽሐፍ ችካል የተቸከለባቸው አራት ናቸው፥ አራቱም ሴቶች። የክፋቱ ሁሉ ምንጭ ኮንት ድራኩላስ? በሁለት ቢላዋ ተመትቶ በቅጽበት ትቢያ ሆነ። ችካል አልነካውም።

አዳኞቹስ እንዴት አዳኑ? የሉሲ ጓደኛ ሚና ሃርከር አጭር ጽሕፈትና የጽሕፈት መኪና የተማረች ናት። የሁሉንም ማስታወሻ ሰብስባ፥ ቀን በቀኑ አሰናድታ ባትጽፍ ኖሮ ወንዶቹ ጠላታቸውን አያውቁትም ነበር። ፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግ ሊያመሰግናት ቢፈልግ የወንድ አእምሮ አላት አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረታችን በእንግሊዝም ልብ ወለድ ዘመድ አለው ማለት ነው! ወዲያው ለደኅንነቷ ሲባል ከምክሩ አስወጥተው፥ እቤት ትተዋት ሄዱ። ድራኩላም ያን ጊዜ ገባባት። ባሏ በማግስቱ ፊቷ ገርጥቶ ቢያይ፥ እንኳንም ከነገሩ አራቅናት ብሎ ደመደመ። ጥበቃ ያሉት ነገር ለጠላት በር ከፈተ። በመጨረሻም የድራኩላን የመሸሻ ወንዝ መርምራ ያገኘችው ያችው ከምክሩ የተባረረችው ሚና ናት።

ደራሲን በዘመኑ መዝኑት የሚሉን መምህራን አሉ። ይሁን፤ ግን ዘመኑ ሲለወጥ ሚዛኑ ተለወጠን? አን ራይስ በ1976 ባሳተመችው ልብ ወለድ ሉዊና ሌስታት የተባሉ ሁለት ወንዶች ቤተ ሰብ መሥርተው ይኖራሉ፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ክላውዲያ ናት። ሳትጠየቅ በሕፃንነቷ ደም መጣጭ አደረጓት፤ አእምሮዋ ሲጐለምስ ገላዋ ሕፃን እንደ ሆነ ቀረ፤ ፍጻሜዋም በፀሐይ መቃጠል ሆነ። ስቴፈኒ ማየር በ2005 ባወጣችው «ትዋይላይት» ኤድዋርድ ቤላ ሳታውቅ በሌሊት መኝታ ቤቷ እየገባ ተኝታ ይመለከታታል፤ መጽሐፉም ይህን ፍቅር ይለዋል። ሁለቱም ደራስያን ሴቶች መሆናቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል።

እኛ መጻሕፍቱ ይቃጠሉ አንልም፤ ማቃጠልማ የካርሚላ ዳኞች ሥራ ነው። የምንለው ይጠኑ ነው፤ ችካሉ ለማን እንደ ተጠረበ እየተጠየቀ ይጠኑ። መምህራን ይህን ጥያቄ በክፍል ያንሡት። «ለእናንተው ደኅንነት ነው» እያለ ሴት ተማሪዎችን ከስብሰባ የሚያስቀር ወንድማችንም ያችን ሌሊት ያስባት። ወንዶቹ ለሚና በር ዘጉላት፤ ድራኩላ ግን በዚያው በር ለመግባት አልተቸገረም።